እማዬ የወደደችው የአልዓዛር መዝሙር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ካሳሁን፣

እንደምን ሰነበቱ? ደም ግፊትዎስ ጋብ አለልዎ? እትዬ አበዛሽስ ወገባቸውን ተሻላቸው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔና ልጄ ናትናኤል፣ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ጤናችን ደህና ነው።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርዎ። በእማዬ ቀብር ላይ የሠሩትን ሰምቻለሁ።

እማዬ እዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሳለች፣ አጠገቧ የተኛችው ሚስ ዶሪስ የምትባል የገጠር አሮጊት ነበረች። ካንትሪ በሚሉት በፈረንጅ ባላገር ዜማ ቀኑን ሙሉ አንድ የድሮ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እማዬ እንግሊዝኛ ባታውቅም «ላዘረስ» ስትል ሰምታ፣ «አልዓዛርን ነው እንዴ የምትለው?» አለችኝ። ተረጎምኩላት፤ እህቶቹ ሲያለቅሱ፣ ጌታም አብሯቸው ሲያለቅስ፣ ድንጋዩ ሲነሣ። ከዚያ ወዲያ መርፌ ሊወጓት ሲመጡ እንኳ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ አልዓዛርን ዘምሪ በያት» ትል ነበር። «አፈር ሳልለብስ ይቺው ሴትዮ ትዘምርልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ይህንኑ ብነግርዎ፣ እርስዎ ግን እዚያ አገር ቤት ሆነው እዚህ ላለው እድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ይገዙ ደወሉ። «በእናታችን ሬሳ ላይ የፈረንጅ ዘፈን እንዳይዘፈን፤ መሳቂያ እንሆናለን» አሏቸው። አቶ ይገዙም ሚስ ዶሪስን፣ በከዘራ እየተደገፈች የመጣችውን በሽተኛ፣ ከመቃብር ቦታው በር መለሷት። መኪና ውስጥ ጊታሯን አቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። ዕድሜ ልክዎን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው፣ ምን እንደሚል እንኳ ሳይሰሙ! እማዬ ስታጣጥር ለእርሷ ለመደወል ጊዜ ያጡ ሰው፣ ለመከልከል ጊዜ አገኙ!

ፍትሐቱ እንዳለቀ እጇን ይዤ አስገባኋት። አቶ ይገዙ፣ «ኖ ኖ፣ ወንድምሽ አልፈቀደም» አሉኝ። «ወንድሜ ይምጣና ይከልክለኝ!» ብዬ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። ቄሱ፣ «ጸሎታችንን ጨርሰናል፤ የእናቷን ቃል ትፈጽም» ብለው ዝም አሰኟቸው። ሚስ ዶሪስ ከዘራዋን ተደግፋ ዘመረች። ቋንቋውን የማያውቁ እናቶች «ላዘረስ» ስትል ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አቶ ይገዙም ኋላ ራሳቸው ወንበር አመጡላት።

እትዬ አበዛሽን፣ ሶስናንና ገሊላን ይሳሙልኝ። አክስታችንን ወለተሥላሴን እግራቸውን ይሳሙልኝ። የእርስዎን ሰላምታ ግን ይዤዋለሁ። የሚስ ዶሪስን ስልክ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልዎታለሁ፤ ደውለው በዚያ በሚያስተምሩት እንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቋትና ያን ጊዜ እልክልዎታለሁ።

እህትዎ ወርቅውሃ
ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ አትላንታ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.