ለአባዬ፣ ስለዚያች ጥቁር ፌስታል

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ተኝተህ ከሆነም፣ መተኛትህንማ አውቃለሁ፣ እዚያው ሆነህ ስማኝ። ልብህን አጽና። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። በአንድያ ወንድ ልጅህ ሆድ ውስጥ ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች መገኘታቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ካርታ የላቸውም፣ ግብር አይከፍሉም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሰፈሩም አይታወቅም። ሐኪሟ ስማቸውን ኤች ፓይሎሪ ብላ ጽፋልኛለች። የጨጓራ ባክቴሪያ ናቸው።

ከሄድክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሰው ፊት “እርስዎ” እልህ ነበር፣ ቤት ስንገባ “አንተ”። አሁን ሰው ስለሌለ በአንተ ልቀጥል፤ ቅር ካለህ መጥተህ በዚያች የልብስ መለኪያ ሜትርህ ግረፈኝ።

እማዬ ደህና ናት። ማለት ትበላለች፣ ቸርች ትሄዳለች፣ በእኔ ቀልድ ግን መሳቅ ትታለች። የስፌት መኪናህ በረንዳው ላይ እንዳለች ናት። እኔም እንደ አቅሜ ልሠራባት ሞክሬ የጋሽ ዳንጊሶን ሱሪ አሳጠርኩ፤ አንዱ እግር ከሌላው በአራት ጣት አጠረ። ጋሽ ዳንጊሶ አይተው አይተው፣ “ሐዘን ላይ ስለሆንክ ነው ልጄ” ብለው እንዲያው ለብሰውት ሄዱ።

የጓሮዋን ክፍል ምሕረት ለምትባል ልጅ አከራይተናታል። ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ትማራለች። የምታጠናው ምን መሰለህ? ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ ጀርሞች! ብትኖር ኖሮ “ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?” ብለህ ታደርቃት ነበር። እኔ ባንተ ፋንታ አድርቄያታለሁ።

ታዲያ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስበላ ያቃጥለኝ ጀመር። እንዳንተ ተልባ በጥብጬ ልጠጣ ስል ምሕረት አየችኝና፣ “አንተ ጅል፣ ተልባ ምርመራ አይደለም! ሂድና ሰገራህን ተመርመር” አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ “ሰገራ” የሚለውን ቃል ሰምቼ ሳልስቅ ቀረሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩህ ነገር ነው።

አሥረኛ ክፍል ወድቄ ቤት የዋልኩበትን ዓመት ታስታውሳለህ። ጨጓራህ ጠንቶብህ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ በማግስቱ ሰገራ ይዘህ እንድትመጣ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጡህ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወገብ የለካኸው ሰውዬ፣ ያቺን ዕቃ ይዘህ በመንገድ መታየት አፈርክ። በጋዜጣ ጠቀለልካት፣ በፌስታል ቋጠርካት፣ በሌላ ጥቁር ፌስታል ደገምካት። ከዚያ ለእኔ ሰጠኸኝና “ከማንም ጋር እንዳትቆም፣ ቀጥ ብለህ ሂድ” አልከኝ። እኔን! ቀጥ ብዬ የሄድኩበትን ቀን የምታውቅ ይመስል።

ብስክሌቴ መሪ ላይ አንጠልጥያት ስወጣ ጥግ ላይ ቢኒያም ቆሟል፤ ያ አብሮኝ የወደቀው። “ምን ይዘሃል?” ሲለኝ ምላሴ ቀደመኝ። “ነጭ ማር ነው። ለትልቅ ሰው የሚደርስ ነው፣ እንዳትነካ!” አልኩት። እንዳትነካ ያሉትን ነገር ቢኒያም ሳይነካ እንደማያድር እያወቅሁ። ነጥቆኝ ሮጠ። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታ፣ ጋዜጣውን ቀደደ፣ ክዳኑን ከፈተ። ከዚያ የጮኸው ጩኸት ባህል አዳራሽ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ዕቃዋን ወረወራት፣ ቱቦ ውስጥ ገባች። ክረምት ነበርና ጎርፉ እያዳፋ ወደ ሐይቁ ወሰዳት። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ።

ተመልሼ ልነግርህ ይገባ ነበር። ግን እንደገና ስታፍር፣ እንደገና ስትጠቀልል ታየኝ፤ ቁጣህም ታየኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ “ዕቃዋ ተሰበረች” ብዬ ሌላ ተቀበልኩ። እዚያው ሽንት ቤት ገብቼ ጉዳዬን ፈጸምኩና በአንተ ስም አስረከብኩ።

ያ ውጤት የእኔ ነበር አባዬ። ያ ኔጋቲቭ፣ ባክቴሪያዋ የለችበትም የሚለው።

ወረቀቱን በሁለት እጅህ ይዘህ “ጌታ ይመስገን” አልክ። ለእማዬ “አየሽ፣ ንጹሕ ነኝ” አልካት። የዚያኑ ቀን ሐይቅ ዳር ወስደህ ዓሣ አበላኸን። አንተ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ እየጠቀስክ ላብህ ጠብ እስኪል በላህ። “ይሄ ሆድ የብረት ነው!” እያልክ ሆድህን ስትመታው፣ እኔ ሳቄን ልውጥ ስል አጥንት ሊያንቀኝ ነበር። “ቀስ በል ልጄ” ብለህ ጀርባዬን መታ መታ አደረግከኝ።

ከዚያ በኋላ ባቃጠለህ ቁጥር እማዬ “ሐኪም ቤት ሂድ” ስትልህ ያንን ወረቀት ታወጣባት ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የራስህን ሱሪ ማጥበብ ጀመርክ። መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ አራት ጣት። “ልብሱ ሰፋ” ትለን ነበር፣ ልብስ በራሱ የሚሰፋ ይመስል። ሆስፒታል ካሜራ ወደ ሆድህ ሲሰዱ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን።

እናም ምሕረት ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ፣ “የሆነ ሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ ቢሆን” ብዬ ነገሩን አወራሁላት። ስቃ ስቃ፣ መሃል ላይ እጇን ከአረፋው አወጣች። ከዚያ በሚገባኝ ልክ አስረዳችኝ። ድሮ ተመራማሪዎቹ ለጨጓራ ካንሰር ጣታቸውን የሚቀስሩት በዚያች በኤች ፓይሎሪ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬም ዋናዋ ተከሳሽ እሷው ናት። አሁን አሁን ግን ጥናቱ መላውን ሰፈር ወደ መቁጠር ዞሯል። አፍ ውስጥ መኖር የነበረባቸው ጀርሞች ካንሰር የያዘው ጨጓራ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ቤቱን ያፈረሱት እነሱ ይሁኑ ወይስ ሲፈርስ ክፍት አግኝተው የገቡ፣ ገና ይከራከራሉ። መድኃኒቱም መጥፎዋን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ደጋጎቹንም ያምሳል፤ እሱንም እያጠኑት ነው። ለእኔ የገባኝ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው። አንዱ ሌላውን ይወቅሳል፣ ሟቹ ግን ተቀብሯል።

“ያኔ ቢታወቅ ይድን ነበር?” አልኳት።

“ባክቴሪያዋ ካለችባቸው ሰዎች አብዛኞቹን ካንሰር አይዛቸውም። ቀድሞ ማጥፋት ግን አደጋውን ይቀንሳል።”

“እሺ፣ ይድን ነበር?”

“አላውቅም። ሆዱ ውስጥ መኖሯንስ በምን ታውቃለህ? አባትህ አልተመረመረማ” አለችኝ። የሆነ ሰው ያልኩት ማን እንደሆነ ገብቷት ኖሯል።

ጥፋተኛ ብትለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የለህበትም ብትለኝ እንቅልፍ እተኛ ነበር። አንዱንም አላገኘሁ። እነሱ የፈለገውን ያህል ቢያጠኑ የሚያጠኑት የብዙ ሰው ሆድ ነው፣ ያንተን አይደለም። ያንተ መልስ ቱቦ ውስጥ ገብቷል፣ ሐይቁ ወስዶታል።

ቢኒያም እስከ ዛሬ ታሪኩን ማውራት ይወዳል። ባለፈው ሠርግ ላይ ጀመረውና ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ እኔም ሳቅሁ። ባልስቅ ምን ሆነህ ነው ይሉኛላ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ እንዳለ ነው። አንዳንዴ ታወጣውና ስምህ የተጻፈበትን በጣቷ ትዳስሰዋለች።

የራሴን ናሙና ያለ ፌስታል፣ በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። በመንገድ “ምን ይዘሃል?” ላለኝ ሁሉ ስሙን ሳላቆላምጥ ነገርኩት። አንድም ሰው አልነጠቀኝ።

ሜትርህ እኔ ጋ ናት። የመጨረሻው ሱሪህ ወገብ ስንት ላይ እንደደረሰ ለክቼ እዚያች ቁጥር ላይ ቋጥሬያታለሁ። እንዳልረሳ ነው። ልብስ መስፋት ብማር እንኳ በሌላ ሜትር እለካለሁ እንጂ ያችን ቋጠሮ አልፈታም።

በል እንግዲህ፣ ቁጭ በልና ስማ ያልኩህ ከባድ ዜና ይኸው ነው። ክኒን ሰጡኝ፣ ለአሥራ አራት ቀን። አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ ሆዴን ነፋ አደረገኝ። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዋን ዋጥኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ያህል መግለጫ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ ትንሽ ነገር ነው አባዬ።

ያኔም ትንሽ ነገር ነበር።