የብሯ ጀርባ

ይድረስ ሪያድ ላለው ወንድሜ ለአክመል። አሰላሙ ዓለይኩም፤ ከናፍቆትህ በቀር እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ቡራዩ ዝናቡ በርትቷል። እኔም እዚያው ማብሪያ ማጥፊያ ፋብሪካ፣ ምስር የምታክል የብር ቅንጣት በነሐስ ቁራጭ ላይ እበይዳለሁ። የብሯ ጀርባ ሸካራ ነው፤ ተገልብጣ ከተበየደች ትላቀቃለች። ድሮ በዓይኔ ነበር የምለያት፣ አሁን በጥፍሬ መዳሰስ ለምጃለሁ። አምፖሉ ደክሟል ብዬም ሁለቴ አስቀየርኩ።

ማክሰኞ አንድ ሙሉ ትሪ ገልብጬ በየድኩ። አለቃችን አሰጋሽ እንደ ልማዷ ትጮህብኛለች ስል፣ እጄን ይዛ ካርቶን ከሚያጥፉት ጋር አስቀመጠችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ሲድራ ናት፤ የእሷ ጽሑፍ ያምራል ብዬ ነው።

ለዒድ እልካለሁ ያልከውን ፎቶ ተወው፤ ድምፅህን ቀድተህ ላክልኝ። አላህ ያገናኘን፤ ብቻ አይዘግይ።

እህትህ ሰይዳ