ቀይዋ ጽጌረዳ እስክታብብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከበረንዳው፣ ካንቺ ወንበር ላይ

ለልጆቼ እናት፣

ሰላምታዬ ላንቺም፣ ለልጃችንም፣ እንቅልፍ ለነሳችሁ ለዚያ ትንሽ ሰውዬም ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ዝናብ ሊመጣ ነው ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዋሻል።

ልጃችንን ልታርሺ ስትሄጂ በር ላይ ቆም ብለሽ "ቀይዋ ጽጌረዳ ስታብብ እመለሳለሁ" ብለሽኝ ነበር። ሻንጣሽን የተሸከምኩት እኔ ስለነበርኩ በደንብ ሰምቻለሁ። እሁድ በስልክ "አበበች?" ስትዪኝ "እየሞከረች ነው" ያልኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግን ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፈው።

አንቺ በሌለሽበት የጽጌረዳዋ መከርከሚያ ጊዜ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመቀስ አያያዝ አላውቅም። ስለዚህ ጎረቤታችንን ጸጉር አስተካካዩን ጠራሁት። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ማድረግ ነው የቀረው። ዞሮ አያት፣ አንገቱን አዘነበለ፣ ከዚያ ጎንና ጎኗን እኩል አድርጎ አስተካከላት። ያረጁትን እሾሃም ቅርንጫፎች "እነዚህ ሽበት ናቸው" ብሎ ጉቶ እስኪሆኑ አሳጠራቸው። ከመሬት አጠገብ የበቀለውን ለምለም ቀንበጥ ግን "ይሄ ወጣት ነው፣ አይነካም" አለ። እኔም ከባለሙያ ጋር አልከራከርም።

ወጣቱ ታዲያ አደገ ብልሽ አይገልጸውም። የኩሽናውን መስኮት አልፎ ወደ ጣሪያው አቀና። ውሃ አጠጣሁት፣ ፍግ ሰጠሁት፣ በእንጨት ደገፍኩት፤ ልጆቻችንን እንዲህ ተንከባክቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁሉም ሚኒስትር ነበሩ። ባለፈው ሳምንት አበበ። ነጭ ሆኖ። ስስ፣ ብታሸቻት የታጠበ ሳህን ያህል እንኳ የማትሸት አበባ።

መጽሐፍ የገለጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ወጉ፣ ከጥፋቱ በኋላ። ለካ ያንቺ ጽጌረዳ የራሷ ሥር የላትም፤ በጠንካራ የዱር ጽጌረዳ ግንድ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው። እንደ ጉልበት ካበጠው መገጣጠሚያ በታች የሚወጣው ሁሉ የዱሩ ነው፤ ዝም ካሉት ምግቧን እየቀማ ያደርቃታል። ባለቤቲቱን ከርክመን ያልተጠራ እንግዳ ስንቀልብ ከርመናል።

ለጸጉር አስተካካዩ ስነግረው አልደነገጠም።

"ጽጌረዳ አይደለም?" አለኝ።

"ነው።"

"አብቧል?"

"አብቧል።"

"እንግዲህ ደውልና አበበ በላት፣ ጋሼ። ሽታ እንደሆነ በስልክ አይሄድ።"

ከሰዓቱን ሙሉ አሰብኩበት። ቁጥርሽን እስከ ግማሽ መታሁ። ከዚያ በሩን ከፍተሽ ስትገቢ፣ ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደሽ ጎንበስ ስትዪ ታየኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ትናንት ጠዋት ጓንትሽን አጥልቄ ወጣሁ፤ ጠቦኛል፣ ግን አስገባኝ። ጸጉር አስተካካዩ አጥሩን ተደግፎ ያበበ ነገር ይነቀላል ወይ እያለ ሲያዝንልኝ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጌ ወጣቱን ከነአበባው ገነጠልኩት።

አሁን ግቢው ጭር ብሏል። የሚታይ አበባ የለም፤ በገባሽው ቃል መሠረት እንድትመጪ የሚያስገድድሽ ነገርም የለም። ከመገጣጠሚያው በላይ ግን፣ ሽበት ከተባሉት ጉቶዎች በአንዱ ጎን፣ የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ ነገር ብቅ ብላለች። በመነጽር አየኋት፤ መነጽሬን አውልቄም አየኋት። መጽሐፉ ለማበብ ገና ብዙ ይቀራታል ይላል። ስላንቺ ምንም አይልም።

የወንበርሽ እግር ይነቃነቃል። አላስጠገንኩትም፤ በየት በኩል ዘንበል ብለሽ እንደምትቀመጪበት የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ልጃችንን ሳሚልኝ። ትንሹን ሰውዬ ፈጣሪ ያሳድግላት፤ እንቅልፉንም ይስጠው፣ ለእናንተም ይትረፋችሁ።

ደግሞ "ስታብብ እመለሳለሁ" አልሽ እንጂ፣ ሳታብብ አልመጣም አላልሽም። የሠላሳ ዓመት አራሚ ነኝ፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ያው ባልሽ