የጎታው መጻሕፍትና የጓሮው ተከራይ

ሰውን ከአፈር አበጅቶ ወደ አፈር በሚመልስ በአንድ አምላክ ስም።

እኔ ወይዘሮ ሐረገወይን አድማሴ፣ በጎንደር ከተማ የቁስቋም አጥቢያ ነዋሪ፣ ዛሬ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን እናዘዛለሁ። እግሬ አብጧል፤ ትንፋሼም አጥሯል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ የሚጠራጠር ቢኖር ጸሐፊው አቶ ሐዲስ ትናንት ባመጣው ረቂቅ ላይ ሦስት ስሕተት ያወጣሁ እኔ ነኝ። ያስገደደኝ የለም። ልጄ ጽጌሬዳ ያመጣችልኝን ዶሮ በልቻለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጠውም።

እርሷም ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣ ትሰማ ዘንድ አዝዣለሁ። ከሞትሁ በኋላ ከሰው አፍ ብትሰማው ከሬሳዬ ጋር ትሟገታለች፤ ዛሬ ብትሟገተኝ ግን እመልስላታለሁ። በዚህ ቤት የሚነገረው ሁሉ ሳይቀነስ ይጻፍ።

አንደኛ፤ በዳባት ከአባቴ የወረስሁት ርስት፣ የብር ጌጤና የመዳብ ዕቃዬ ሁሉ የጽጌሬዳ ፋንታሁን ይሁን። ብቸኛ ልጄ ናት። ቀና ሰው ናት፤ ቁጣዋም ከእኔ የወረደ ነው።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ እንኳየሁ አዲሱን ኩታዬን ትውሰድ። «የሐረገወይን ተከራይ በጓሮ በር ወጥቶ በዋናው በር ይገባል» ብላ በማኅበር ስታወራ፣ እኔ በጽዋው ፊት ውሸታም ብያታለሁ። እንኳየሁ የተናገረችው እውነት ነበር። ይቅር ትበለኝ፤ ኩታውን ግን እኔ ሳልቀበር እንዳትለብሰው።

እዚህ ላይ ልጄ «ምን ማለት ነው እሱ?» ብላ ጠየቀች። «ተራሽን ጠብቂ፤ ገና ሁለተኛው ላይ ነን» አልኋት።

ሦስተኛ፤ በጓዳዬ የቆመው ትልቁ ጎታ ውስጥ ያለው እህል አይደለም። ልጄ ሆይ፣ «ለዘር ያስቀመጥሁት ጤፍ ነውና እንዳትነኪው» ስልሽ የኖርሁት መጻሕፍት ናቸው። ቁጥራቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሽፋናቸው ቢጫ ስስ ወረቀት፣ ቋንቋቸው ጣልያንኛ፣ ነገራቸውም ማን ማንን ገደለ የሚል ነው። እንዴት ወደ እኔ እንደመጡ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባሽም።

አባትሽ በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ከአርበኞች ጋር ሲወድቅ አንቺ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔም አራዳ አንድ ጣልያናዊ መድኃኒት ሻጭ ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ይህን ረስተሻል፤ ወይም ልትረሺው ወደሻል። የቤቱ እመቤት ዓይኗ የደከመ ነበርና ፊደላቸውን አስተምራ በየቀኑ ታስነብበኝ ጀመር። ጣልያን ሲወጣ እመቤቲቱም ሄደች፤ የንባቡ ሱስ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። አራዳ ካሉት የአሮጌ ዕቃ ሱቆች ያገኘሁትን ሁሉ እየገዛሁ ጨረስሁ።

በ፲፱፻፶ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ «ለአክሱም ጽዮን ስለት አለብኝ» ብዬሽ ስንቅ ቋጥረሽ ሸኘሽኝ። ስለት አልነበረብኝም። የምሄደው አሮጌ መጻሕፍት በየሱቁ ተቆልለው ይሸጣሉ ወደተባለበት ወደ አሥመራ ነበር። በሾፌሩ በአላምረው የጭነት መኪና ጋቢና ስገባ፣ ባዶ ጆንያ አጥፎ የያዘ አንድ ሽበታም ሰው ተቀምጧል።

«አያ፣ ባዶ ጆንያ ይዞ ጽዮንን ሊሳለም የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አልሁት።

«እርስዎስ ሁለት ይዘው የለም?» አለኝ።

ስሙ ክንዱ ይባላል። ምን ፈልጎ እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። በየመንገዱ መኪናው በቆመ ቁጥር ግን ሁለታችንም ወደ ሱቅ እንሮጣለን። ዳባት ምንም አልተገኘም። ደባርቅ ስንደርስ አለነ የሚባል ባለሱቅ፣ ከአንድ ቢጫ መጽሐፍ ቅጠል እየገነጠለ በርበሬ ይጠቀልላል። እኔ በአንድ ወገን ያዝሁ፤ ክንዱም በሌላው ወገን ያዘ። «እኔ ቀድሜያለሁ»፣ «የለም፣ እኔ» ስንባባል አለነ ቢላዋ አነሣ። ሰሎሞን እንኳ ሰይፉን አስመዘዘ እንጂ ሕፃኑን አልቆረጠም፤ አለነ ግን መጽሐፉን ከወገቡ ቆረጠው። ፊተኛው እኩሌታ ለእኔ ሆነ፤ ኋለኛው ለክንዱ።

ሊማሊሞን ስንወርድ መኪናው ተሰበረ። አላምረው ዕቃ ፍለጋ ወደ ደባርቅ ተመልሶ ሁለት ቀን ቆየ። የመጀመሪያውን ቀን እኔና ክንዱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን የየራሳችንን እኩሌታ አነበብን። በማግስቱ እርሱ ዞረና፣

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኔ ገዳዩን አውቄዋለሁ፤ የሞተው ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም» አለኝ።

እኔም የሞተውን አውቄ ገዳዩ ጠፍቶኝ አድሬ ነበርና ሳቅሁ። ከባልቴትነቴ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁለት፤ እርሱም ተቀብሎ ጨረሰልኝ። ገዳዩ ሐኪሙ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጆንያችን አንድ ሆነ። ሽሬ ከአንድ ጠጅ ቤት አራት አገኘን። አክሱም ስንደርስ ውሸቴ እንዳይበዛ ጽዮንን ተሳለምሁ። አሥመራ ሦስት ቀን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ሰነበትን፤ አቧራ ፊታችንን አልብሶት አንድ ሻጭ ባልና ሚስት መስለነው «ለሚስትህ ወንበር ስጣት» አለው። ክንዱም አላረመውም። እኔም አላረምሁትም።

በመመለሻችን ሳልጠይቀው ነገረኝ። በጣልያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበረ። ገበሬው ሹሙን «እግዜር ይንቀልህ» ሲል፣ «እግዜር ያቁምህ ይላል» እያለ ይተረጉም ነበር። በዚህ ብዙ ሰው አተረፈ። አንድ ቀን ግን ፈርቶ አንድ ሰው የተናገረውን እንዳለ ተረጎመ፤ ያም ሰው ተገረፈ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ነበር።

ቤት ገብቼ፣ ልጄ ሆይ፣ «አንድ ሸጋ ሰው አለ፣ ባገባውስ?» ብዬ ጠይቄሻለሁ። ስሙን ሳልነግርሽ የቀድሞ ሥራውን ብቻ ስትሰሚ፣ «የጣልያን አስተርጓሚ በአባቴ ቤት ከገባ እኔ አልገባም» አልሽ። የአባትሽ ደም ነውና አልፈረድሁብሽም። ግን አልታዘዝሁሽምም። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ የንስሐ አባቴ አባ ወልደኢየሱስ ባሉበት ሰማንያ ተፈራርመን ክንዱን አገባሁት። የጓሮው ተከራይ፣ አንቺ «ይህ ሽማግሌ ምነው ወይ ኪራይ አይጨምር ወይ አይወጣ?» የምትይው፣ ስምንት ዓመት ባሌ ነው።

አራተኛ፤ ለአባ ወልደኢየሱስ የዳዊት ማኅደሬን ትቻለሁ። በጾም ቅዳሴ ላይ ከእርሱ አውጥቼ ስደግም ያዩኝ ዳዊት አልነበረም፤ ማኅደሩ የቢጫ መጽሐፍ ልክ ሆኖ ተገኝቶ ነው። ለምስክርነት እዚሁ የተቀመጡት አባም፣ «ይህንንስ አልተናዘዝሽልኝም ነበር» አሉ። «አሁን እየተናዘዝሁ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። ሰባት ስግደት ሰጡኝ፤ እግሬ ስላበጠ ክንዱ ይስገድልኝ።

አምስተኛ፤ የቁስቋሙ ቤቴ የጽጌሬዳ ይሁን። ባሌ ክንዱ ግን እስኪሞት ድረስ በዋናው ቤት ይኑር፤ በጓሮው አይደለም። መጻሕፍቱ የእርሱ ናቸው። ከእርሱ በኋላ ማንበብ ለሚችል መንገደኛ ሁሉ አንድ አንድ ይሰጡ፤ ባለሱቅ ግን አይንካቸው።

የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው፤ ልጄ ሆይ፣ ስለ ዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። ስለ አገባሁት ግን ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ከዚህ በታች ያለውን እኔ ጸሐፊው ሐዲስ በታዘዝሁት መሠረት ጽፌዋለሁ።

ኑዛዜው በምስክሮቹ ፊት ከተነበበ በኋላ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ከአልጋው ግርጌ ተነሡ። ከዚያም በበሩ መቃን ተደግፈው ቆመው ወደነበሩት ወደ አቶ ክንዱ ዞረው፣

«የተገረፈው ሰው ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ስሙ ይባረክ ነው። የወለቃ መንደር ብረት ቀጥቃጭ ነው» አሉ አቶ ክንዱ።

«ሞተ?»

«የለም፣ አለ። በየዓመቱ እሄዳለሁ።»

«ምን ይልሃል?»

«መጀመሪያ ስሄድ መዶሻውን ሳያስቀምጥ ሰማኝ፤ ሂድ አለኝ። በአራተኛው ዓመት ውሃ ሰጠኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለኝም። እኔም በለኝ አላልሁትም።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ተቃውሞ እንዳላቸው በሕጉ መሠረት ጠየቅኋቸው። «የለኝም አላልሁም። አለኝም አላልሁም። እንዲህ ብለህ ጻፍ» አሉኝ፤ እንዲሁ ጻፍሁ።

ተናዛዧ ሊፈርሙ ሲነሡ ደከሙ። አቶ ክንዱ በሩን ለቀው በጓሮ በኩል ሊወጡ ሲሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ የእናታቸውን ግራ ክንድ እንደያዙ ቀና አሉና፣ «ወዴት ይሄዳሉ? በዚያ በኩል ይደግፏት እንጂ» አሏቸው።

አቶ ክንዱ በቀኝ በኩል ደገፉ። ተናዛዧ በሁለቱ መካከል ሆነው በገዛ እጃቸው ፈረሙ።

ተናዛዥ፦ ሐረገወይን አድማሴ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
አባ ወልደኢየሱስ (ፊርማ)
ሾፌር አላምረው (ፊርማ)
አያ ሀዳነ፣ ሸማኔ (የጣት አሻራ)
ወይዘሮ እንኳየሁ (የጣት አሻራ፤ ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስነብበው ሰምተዋል)

ጸሐፊ፦ ሐዲስ (ፊርማ)