የአያ ይርሳው ላምና የእኔ ዌብ ገጽ

ኅዳር 12

ሚካኤል። ገበሬ ዛሬ እርሻ አይወጣም፤ ቤቱ ውሎ ከብቱን ያያል። ከብቱን ሲያይ ደግሞ ወንድሜ ትዝ ይለዋል። የአስናቀው ስልክ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈችም። "ላሜ ኮርማ ፈለገች!" "ጊደሬ ስትጮህ አደረች!" ላም የሚያዳቅል ባለሙያ ያለበት ቤት ቁርስ በሰላም አይበላም።

ሁለቱን ጥሪ ረሳቸው። አንዱ ከቋሪት መልሶ ደውሎ፣ "ፍኖተ ሰላም ተቀምጠህ ደሞዝህን ብላ!" አለው። ሳቄ መጣ። ኋላ ግን አሳዘነኝ። ላም የምትፈልገው ለአንድ ቀን ነው፤ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው።

ዌብ ገጽ ልሥራለት እንዴ? ተመርቄ ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ... ምን ይዞኛል?

ኅዳር 15

ቤቴል ደወለች፤ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርነው፣ አሁን መራዊ ያለችው። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ ስለተሠራ አንድ ቱልኪት ነገረችኝ። ዌብ ገጽ መሥሪያው ሁሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠበት ነው፤ ቅጽ መሙያው፣ ሠንጠረዡ፣ ሰዓት መምረጫው። ነፃ ነው። ኮዱም ክፍት ነው፤ ያሻው ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል።

አስናቀው፦ "በነፃ? ሰዎቹ ምን በልተው ያድራሉ?"

እኔ ምን አውቄ!

ኅዳር 16

መመሪያውን ከፈትሁ። "በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ" ይላል። ወይ አምስት ደቂቃ! ማውረዱ ብቻ እስከ ምሳ ፈጀ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። እንደገና ከመጀመሪያው...

ኅዳር 18

ነጭ ገጽ። መመሪያውን ቃል በቃል ገለበጥሁ... አሁንም ነጭ። ላፕቶፑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

አንዲት ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ ነው ለካ! ዘጋኋት፤ "እንደምን ዋላችሁ" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጮህሁ። ጎረቤት ሰምታ፣ "ሥራ ያዝሽ?" ብላ እየሮጠች መጣች። አሳየኋት። "ይኼው ነው?" ብላ ሄደች።

ይኼው ነዋ! ምን ፈለገች?

ኅዳር 28

ሠራ! ገበሬው የላሟን ስም፣ ቀበሌውንና ኮርማ ስትፈልግ የታየችበትን ሰዓት ስልክ ላይ ይሞላል። ገጹ ራሱ ቀጠሮ ይሰጣል። ደንቡን የነገረኝ አስናቀው ነው፤ ጠዋት የታየች ላም የዚያኑ ዕለት አመሻሽ፣ ከሰዓት የታየች በማግስቱ ጠዋት። ሰዓት መምረጫውን ከቱልኪቱ እንዳለ ወሰድሁት። ምን አለፋኝ?

ኅዳር 30

ከአስናቀው ጋር በሞተር ከጅጋ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ አያ ይርሳው ቤት ሄድን። ቦራ የምትባል ዲቃላ ላም አለቻቸው። ሁለት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። ገጹን በእሷ ልንሞክር ነው።

አያ ይርሳው ስልኩን አገላብጠው አዩት።

"እንግዲህ የላሜ ወሬ በየት በኩል ነው የሚሄደው?"

"በአየር ነው፣ አያ ይርሳው።"

"ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!"

ሳቅን። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ስሚ ልጄ። አሁንም ካልያዘች ለፋሲካ ነጋዴ ይወስዳታል። መካን ላም የምቀልብበት ድርቆሽ የለኝም።" ይበሉ እንጂ እጃቸው አንገቷን ያክላት ነበር።

ስልኩ የልጃቸው የውዳሴ ነው። ጅጋ ላይ ሱቅ አላት። አንዴ አሳየኋት፤ ወዲያው ገባት።

ታኅሣሥ 3

በዓታ። ውዳሴ ሞላች! የመጀመሪያው እውነተኛ ሰው! ገጹም "ነገ ጠዋት" ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ብቻዬን ጨፈርሁ።

ታኅሣሥ 4

አስናቀው ተመለሰ። ሞተሩን አጠፋ።

"አልፏታል። ትናንት ንጋት ላይ ነው የታየችው። አመሻሹን መሄድ ነበረብኝ።"

ውዳሴ 12 ሰዓት ብላ ነው የሞላችው። የንጋት 12። የቱልኪቱ ሰዓት ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ 12 ለእሱ እኩለ ቀን። ስለዚህ ከሰዓት የታየች መስሎት ለማግስቱ ቀጠራት።

ሕፃን የሚያውቀውን! እኔ፣ ምሩቋ! መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ...

"ማታ ስንቀር ምነው ሳትደውሉ?" አልኋት ውዳሴን።

"ኮምፒውተር ነገ ካለ እኛ ምን እንላለን?"

አምነውኛል ማለት ነው። እሱ ነው ከሁሉ የባሰ ያሳረረኝ።

ታኅሣሥ 6

እየፈራሁ ለአያ ይርሳው ደወልሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "እስቲ ልቀሚው።"

አንድ ዕድል ሰጡኝ! ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ አለኝ።

ታኅሣሥ 8

ለቱልኪቱ ሠሪዎች ጻፍሁ። የማያውቁትን ሰው ዝም ብሎ "ሥራህ ተበላሽቷል" ይባላል? ነውር ነው። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ። ሥራቸውን አመሰገንሁ። አዝመራው ደህና መግባቱንም ነገርኋቸው። መጨረሻ ላይ፣ "ፀሐይ በየአገሩ በየራሷ ሰዓት ትወጣለች፤ አስተዋይ ያስተውለዋል" ብዬ ዘጋሁ። እንዴት እንዳማረልኝ!

ታኅሣሥ 9

መለሱ። አንድ መስመር። "ሰላም ፀደይ፤ ችግሩ ምንድን ነው?"

አስናቀው የጻፍሁትን አንብቦ በሳቅ ሊሞት። "ይኼ ሽምግልና ነው እንጂ የኮድ ጥያቄ ነው?"

ተናደድሁ። በንዴት ጻፍሁላቸው፤ "እኛ ዘንድ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። የእናንተ መምረጫ ይኼን አያውቅም። በዚህ ምክንያት የአንዲት ላም ቀን አለፈ። በቅርቡ ካልያዘች ትሸጣለች።" ከላክሁት በኋላ አፈርሁ። ስድብ መሰለ ይሆን?

ታኅሣሥ 10

አልተቀየሙም! "የላሟ ስም ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ እንጂ! የማላውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ መለሱ። አንዱ የሰዓት መምረጫው ኮድ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ አሳየኝ። "ክፍት ነው፤ ራስሽ አስተካክዪው። ስትጨርሺ ለሁሉም እንዲሆን ላኪልን" አለ።

እኔ? ቆይ... እኔ?

ታኅሣሥ 17

ይኼን ኮድ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ። ግን ምነው ሁለት ቃል ማብራሪያ ቢተው? አንዲት መስመር ላይ ስዳክር ሰነበትሁ። ቤቴልም አላወቀችውም።

ታኅሣሥ 21

ሆነ! ሰዓቱ አሁን ከንጋት ይጀምራል። መጀመሪያም ይጠይቃል፤ ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ነው፣ ሌሊት ነው? አስናቀው ላይ ሞከርሁት። ጎረቤቷ ላይ ሞከርሁት። ወተት ሊገዛ የመጣ ሰው ላይ እንኳ ሞከርሁት። ሰው ሲያየኝ መሸሽ ጀምሯል።

ታኅሣሥ 24

ተክለ ሃይማኖት። ቦራ ፈለገች! ውዳሴ የጠዋት 12 ብላ ሞላች። ገጹ፣ "ዛሬ አመሻሽ" አለ። አላመንሁትም፤ በጣቴ ቆጠርሁ። ደግሞ ደወልሁላት።

አስናቀው ደርሶ ተመለሰ። "በሰዓቷ ደርሻለሁ" አለ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም፤ የእግዜር ነው። ግን ልቤ መቼ አርፎ...

ጥር 15

ካልያዘች ሰሞኑን እንደገና ትፈልጋለች። ገጹን ስከፍት ስዘጋ ዋልሁ። ከውዳሴ ምንም የለም። ምንም ባይመጣ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አስናቀው፦ "አፍሽን ሰብስቢ። እኔ በእጄ ሳልዳስስ አላምንም።"

የካቲት 2

ለሠሪዎቹ የላክሁት ኮድ ቱልኪቱ ውስጥ ገባ! ቱልኪቱን የሚያወርድ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የእኛን ሰዓት ያገኛል። ስሜም ከሠሪዎቹ ስም ጋር ተጽፏል። ደጋግሜ አየሁት። ቡሬ ያሉ ሁለት አዳቃዮችም ገጹን ስጡን ብለው አስናቀውን ጠይቀውታል።

ደስ አለኝ። ግን ቦራ ከተሸጠች ይኼ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?

መጋቢት 5

አቦ። ቦራ የምትመረመርበት ቀን። ላፕቶፔን ይዤ አብሬ ሄድሁ።

አስናቀው ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻው አጠለቀ። ውዳሴ ጅራቷን ያዘች። አያ ይርሳው ላሟን ትተው አጥሩን ያያሉ። አስናቀው ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። ቆየ... በጣም ቆየ...

"ይዛለች።"

ውዳሴ እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ይርሳው ዘወር ብለው በጋቢያቸው ፊታቸውን ጠረጉ። እኔማ አለቀስሁ፤ ከራሴ ምን እደብቃለሁ? በእኔ ጥፋት ልትሸጥ የነበረች ላም ናት።

"ነጋዴውስ፣ አያ ይርሳው?" አለ አስናቀው።

"የምን ነጋዴ!" ብለው ተቆጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ አስገቢው። እነዚያ ስሟን የጠየቁሽ ሰዎችም ይወቁ።"

ለካ ገጼ ላይ "ይዛለች" የሚባል ነገር የለም! ስትፈልግ ብቻ ነው የሠራሁት፤ ስትይዝ ምን እንደሚሆን አላሰብሁም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትሁ። መመሪያ አላየሁም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። "ይዛለች" የሚል ቁልፍ ሠርቼ የውዳሴን ስልክ ለአያ ይርሳው ሰጠኋቸው።

"ይጫኑት።"

በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። "ቦራ ይዛለች" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ውዳሴ አነበበችላቸው። ሳቁ። እንደገና ተጫኑት። አነበበችላቸው። እንደገና...

ቁልፉ በተጫኑት ቁጥር አንድ ላም ይመዘግባል፤ ገጹ ላይ አሁን አያ ይርሳው ሰባት ያረገዙ ላሞች አሏቸው። ማስተካከሉን አውቀዋለሁ፤ ሁለት መስመር ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ። ዛሬ ግን ሰባቱም እዚያው ይደሩ።