የኔል ሐሙሶች

ሰርክል፣ ሞንታና
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023

የምወድሽ ልጄ ዊላ፣

የጃፓኑ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ተማሪዎችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። አባትሽ የዓመቱን ድርቆሽ ከምሮ ጨርሷል። ወገቡን ያመዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲሉት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ አላሳፈረንም፤ ጥጆቹም ወፍረዋል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እህትሽ ስለ ኔል ነው። ወደ ጃፓን የሄድሽ ቀን በሩ ላይ ቆመሽ፣ «እማዬ፣ ሒሳቡንም ሰዋስውንም ታስተምሪያታለሽ፤ ጓደኛ ከየት ልታመጪላት ነው? ከላሞቹ?» ያልሽኝን አልረሳሁትም። «እኛ አለንላት፤ ይበቃታል» ብዬ እንደመለስኩልሽም አልረሳሁም። ትምህርት ቤቱ ከእኛ አርባ ማይል ይርቃል፤ በበረዶው ወራት መንገዱ ይዘጋል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ባለፈው ጥር ፖስተኛው በር ሲያንኳኳ ኔል ሮጣ ጓዳ ስትገባ አየኋት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዊላ። ከፖስተኛ ተደበቀች። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

በቤተ ክርስቲያን ይህንን ለአንዲት ሴት ባወራላት፣ ስለ ወይዘሮ ኦዴል ነገረችኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እንደ ኔል በየእርሻው ቤት የሚማሩ ስምንት ልጆችን በየሐሙሱ ስምንት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ይሰበስባሉ። ትምህርት የለም፤ ወሬ ብቻ። አባትሽ ሲሰማ፣ «ወሬ ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ?» አለ። እሱ ራሱ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ጎረቤት ካናገረ ስንት ዓመቱ!

ኔል አራት ሳምንት ሙሉ ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጥፋ ተቀመጠች። ወይዘሮ ኦዴል አንድም ቀን አልተቆጧትም። በአምስተኛው ሐሙስ «በመስኮታችሁ ምን ይታያል?» ብለው ልጆቹን ጠየቁ። ኔል ፕላስተሩን ላጠችና ኮምፒውተሩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ኮርማችን ቂጡን በአባትሽ መኪና ያክካል!

እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ሳቁ!»

«በማን?» አልኳት ደንግጬ።

«በኮርማው! እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

ይህ በሆነ በወሩ ግን ጉድ ፈላ። ብሪዮኒ የምትባል ከሰሜን ዳኮታ የሆነች ልጅ የጻፈችውን ታሪክ አነበበች፤ ስለ አንድ ፈረስ ነው። ወይዘሮ ኦዴል «እንዴት አያችሁት?» ሲሉ የእኛዋ ቀድማ «በጣም ረጅም ነው፤ ሰለቸኝ» አለች። ብሪዮኒ ከስክሪኑ ጠፋች። በቀጣዩም ሐሙስ አልመጣችም።

«ምን አደረግሁ? እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት!» አለችኝ ኔል። እንባ አቅርራለች።

አልተቆጣኋትም። በምን አፌ? እኛ ቤት የሰለቸው ሰው ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል፤ የሚቀየምም የለም። ይህች ልጅ ከእኛ ሌላ ሰው ማንን አውቃ፣ ቃል እንደሚያቆስል ከየት ትማር?

ይቅርታ ጻፈች። አራት ጊዜ ጻፈች፤ አራቱም ውስጥ «ግን» አለ። ወይዘሮ ኦዴል አንብበው «ግን ያለበት ይቅርታ ክርክር ነው፣ ልጄ። ይልቅ ደውዪላት» አሏት። ስልኩን ስፒከር ላይ ስላደረገችው እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳህን የማጥብ መስዬ አዳመጥኩ።

«ለምን ደወልሽ?» አለች ብሪዮኒ።

«አስከፍቼሻለሁ። ጥፋቴ ነው።» አለች ኔል። ከዚያ «ፈረሱ ከሞተ በኋላ ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ፈረሱ አልሞተም።»

«አልሞተም?»

«አየሽ፣ አላዳመጥሽማ!» አለች ብሪዮኒ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ሳቅ ነበር። «እንደገና ላንብብልሽ?»

«አንብቢልኝ። ረጅሙን ክፍል ስትደርሺ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሚለያቸው ጠፋ። በነሐሴ የብሪዮኒን እናት በስልክ አነጋግሬ ለሁለታችንም መንገዱ እኩል በሆነ ከተማ፣ ግሌንዳይቭ ላይ፣ ልናገናኛቸው ተቀጣጠርን። ኔል ሦስት ሸሚዝ ቀያየረች። ደርሰን ስንወርድ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ፤ «ሰላም»፣ «ሰላም»፣ አለቀ! አንዷ ጫማዋን፣ ሌላዋ ሰማይ ታያለች። አይስክሬም ገዛንላቸው፤ ቀለጠ። እኔና እናቲቱ ተያየን። ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ?

ኋላ ኔል ምንም ሳትል ወደ መኪናችን ሄዳ ገባችና በሩን ዘጋች። አለቀላት ብዬ ልከተላት ስል የብሪዮኒ ስልክ ጮኸ። ልጅቱ አየችው፤ ሳቀች፤ ሮጣ እሷም የእናቷ መኪና ውስጥ ገባች። በሁለት መኪና ተቀምጠው፣ በመስታወት እየተያዩ፣ በስልክ ግማሽ ሰዓት አወሩ! ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ኋላ ሁለቱም በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ በከተማው ዳር ወዳለው ወንዝ ሲወርዱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በግድ ለየናቸው።

ይህን ስጽፍልሽ ፎቅ ላይ ሆና ከስምንቱም ልጆች ጋር ታወራለች። ከኮርኒሱ በላይ ሳቋ ይሰማኛል። ቀልዱ አይገባኝም፤ ለእኔ አይደለማ። ድሮ ምሳ ላይ የማታቋርጠው ወሬዋ አሁን አጥሯል፤ «እማዬ፣ ልሂድ?» ትላለች። ሂጂ እላታለሁ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ዊላ፤ እውነቴን ነው።

ያን ቀን በሩ ላይ የተናገርሽው ልክ ነበር። የመለስኩልሽ መልስ ልክ አልነበረም። ይቅር በዪኝ።

በመንገድሽ ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምልሽ፤ በሰው አገር የሰው ፍቅር አይንፈግሽ። አባትሽ «እርጥብ ጫማ አድርጋ እንዳትውል በያት» ብሏል፤ ናፍቆቱን የሚናገረው በዚህ መሆኑን ታውቂያለሽ።

እናትሽ፣
ሎሬይን

ኔል የቪዲዮ መደወያ ፕሮግራሙን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ጭናልኛለች፤ የቱን እንደምነካም በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት እናንተ ዘንድ ሰኞ ማለዳ ነው ብላኛለች። እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሥራ የለኝም።