ከወተቱ ጋር የቀረው ኪኒን

ሐምሌ 27 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ጧት 2 ሰ.
ግማሽ ኪኒን ሰጠሁ፤ ግማሹ ለማታ። ጣሊያኑ ሐኪም እኩል ክፈይው ስላለኝ በቢላ እኩል ከፈልኩ። በወተት ዋጡት። ማስታወሻዬ፣ ደስታዬን ካንቺ ሌላ ለማን ላውራ? የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ወዲህ ባለቤቴን፣ መሪጌታ ዓለሙን፣ የሚጥል በሽታው አልነካቸውም! ማኅሌት መሐል ወድቀው መቋሚያቸውን ከሰቀሉ ስንት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ ለደብረ ታቦር በዓል እቆማለሁ ይላሉ። ጎረቤት የጠላት መድኃኒት ይለኛል። ጠላቱስ ሰውየው፤ ኪኒኑ ምን አደረገኝ?

ነሐሴ 2
ፍልሰታ ገባ። መሪጌታ ዜማ ይከልሳሉ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው። ኪኒኑን ራሴ እይዛለሁ ብለው ብልቃጡን ተቀበሉኝ። ቁም ነገረኛ ባል!

ነሐሴ 8፣ 10 ሰ.
ወደቁ። ከቅዳሴ እንደገቡ፣ ጓሮ፣ ጎመኑ መሐል። በጎናቸው አጋደምኳቸው፤ አረፋውን ጠረግሁ። ሲነቁ ብልቃጡን አየሁ። ጾም ከገባ አልነኩትም! ለካ በወተት ይዋጥ ስለተባለ፣ ወተት ሲቀር ኪኒኑም አብሮ ቀርቷል።
«የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ፈረንሳይኛሽ ጾም አያውቅ» አሉኝ፣ ተማሪ ቤት የተማርኩትን እያነሱ፣ ምላሳቸው ገና ሳይፈታ። ሳቄም እንባዬም ባንዴ መጣ።

ነሐሴ 9
ሐኪም ቤት። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ሐኪሙ አልሳቀም። ወተቱ ሆድ እንዳይቆርጥ ነበር፤ ውሃም ይበቃል አለ። በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጥላል፤ ዳንኩ ብሎ መተው የለም። መሪጌታ ያለፈኝን ባንዴ ልዋጠው ቢሉ ሐኪሙ ተቆጣ፦ ያደነዝዛል፣ ትንፋሽ ይነሳል። መጠኑ ያው ነው፤ ለጾሙ ግን ሁለቱ ግማሾች ማታ አብረው፣ ከእራት በኋላ። ከዚያ የነፍስ አባታችን ዘንድ።
«ወተት ተከለከለ እንጂ መዳን መች ተከለከለ፣ አንተ ቆብ የሌለህ መነኩሴ!» አሏቸው። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። እኔ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ነሐሴ 12፣ አመሻሽ
ዐይኔ እያየ በውሃ ዋጡ። በየማታው እንዲሁ ነው አሁን። ትንሽ ያንጎላጃቸዋል። ልቁም ወይ? ብለው ጠየቁኝ፤ እኔን! አይቁሙ ልል አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁ። መቋሚያውን ከግድግዳ አውርጄ፣ አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋቸው። ቢወድቁ ምን እንደሚደረግ ለዲያቆኑ ነግሬያለሁ። እኔም በሴቶች በኩል፣ ከፊት። ጋቢ ደርቤ እሄዳለሁ፤ ለእሳቸው ትራስ ይሆናል። ባይወድቁ ደግሞ እኔን ከብርድ ያድነኛል።
ጅራፍ ይጮኻል ውጪ። ደወሉም። «ነይ እንጂ፣ ሴትዮ!» ይላሉ ከደጅ፣ እንደ ሙሽራ ቸኩለው። መጣሁ ማስታወሻዬ፣ ብልቃጡን ብቻ ከመሶቡ ሥር ላኑር።